የስማቸው መቋሚያ

በአንድ ወቅት፣ ሹም በተቆጣ ቁጥር ገመድ በሚወደድበት ዘመን፣ በጣና ዳር እናኑ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ከአራት ልጆቿ ሦስቱ ሰው ሆኑላት፤ አራተኛው ስማቸው ግን ሰባኪ ሆነ። ታንኳ መሥራቱን ትቶ፣ መቋሚያውን ይዞ፣ «ድሃ አትበድሉ» እያለ በየደብሩ ይዞራል። ሕዝብ ይከተለዋል። ቤተሰቡ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያፍርበት ነበር። እናኑ ራሷ «የኔ ልጅ ከመቼ ወዲህ ነው ነቢይ የሆነው?» እያለች ትብሰለሰል ነበር።

በጥምቀት ማግስት ስማቸው የአገሩ ሹም ፊት ቆሞ «ጎተራህ ውስጥ ያለው የሙት ልጆች እህል ነው» አለው። ሹሙ አሳሰረው።

«ጤነኛ ከሆነ ይሰቀላል፤ ካበደ ጠበል ይገባል። የእናቱ ልጆች ያውቁታልና ምለው ይናገሩ» አለ። እናትን የጠየቃት የለም።

ታላቁ ባየልኝ በወንድሙ ስብከት አምኖ አያውቅም። ወንጌሉ ላይ እጁን ጭኖ «አብዷል፣ ጌታዬ» አለ። «የክርስቶስስ ዘመዶች ልቡን ስቷል ብለው ሊይዙት ሄደው የለ? እኛ ብንል ምን ይገርማል?» ገመድ ያዡ እጁን መለሰ። የስማቸው ተከታዮች ግን «ወንድሙ ያላመነውን እኛ ምን ቤት ነን» እያሉ ተበተኑ። እናኑ በልቧ «ተመስገን» አለች፤ ወዲያውም አፈረች።

ከቤተሰቡ ስማቸውን ከልቧ ያመነችው እኅቱ ትርንጎ ብቻ ነበረች። ባየልኝ በዓይኑ ጠቀሳት፤ እናኑ ቀሚሷን ሳበቻት። እሷ ግን «በሐሰት አልምልም» አለች። «ወንድሜ ጤነኛ ነው። የተናገረውም እውነት ነው።» የተበተኑት ይህን ሰምተው እያለቀሱ ተመለሱ። ሹሙም «ገመድ!» ብሎ ጮኸ። እናኑ ልጇን በጥፊ መታቻት።

ሽማግሌዎች መሃል ገቡ፤ «ምስክር ለሁለት ተከፍሏልና ሦስተኛው ይሰማ» አሉ። ሦስተኛው ይልቃል ዓሣ አጥምዶ ገና መመለሱ ነበር። እንደ አገሩ ልማድ የስማቸውና የይልቃል ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ ቁራኛ ሆኑ፤ ስማቸው ቢጠፋ ቅጣቱ የይልቃል ነው። ይልቃል ወንድሙን አይቶ እንዲመሰክር ሹሙ ምሳውን እስኪበላ ጊዜ ተሰጠው።

ይልቃል ወደ ሐይቁ ዳር ወሰደው። «ማበድ አለማበድህን እኔ አላውቅም። ወንድሜ ነህ» አለና ቋጠሮውን ፈታው። በሐይቁ ካለው ደሴት ገዳም ገብቶ ከተማጸነ ሹሙ አይነካውም። ደረቅ ታንኳ ዛፍ ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ ይልቃል ግን በችኮላ ከሐይቅ የተመለሰበትን፣ የተሠራበት የደንገል ቄጠማ ውሃ ጠግቦ የከበደውን ታንኳ ገፋለት። ሁለት ሰው ስለማይችል ራሱ ቀረ። ተገረፈ፤ ከዚያ ወዲህ ቀና ብሎ ሄዶ አያውቅም። ስማቸውም እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ሆኖ ደሴቱ ደረሰ። ብርዱ ደረቱ ላይ ተቀመጠና ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሞተ።

በተዝካሩ ቀን አንድ መነኩሴ መቋሚያውን ለእናኑ አመጣላት። «ከወንድሞቼና ከእኅቴ መካከል ላልካደኝ ስጪልኝ ብሏል» አላት። እናኑ መቋሚያውን ለአንዱ ስትሰጥ ሌሎቹን ከሃዲ ማለቷ ነው።

«እምዬ፣ እኔ ባልዋሽ ይልቃል የሚያሻግረው ሬሳ ነበር» አለ ባየልኝ።

«እኔ ባልናገር ስሙ እብዱ ስማቸው ሆኖ ይቀር ነበር» አለች ትርንጎ።

ይልቃል እንደጎበጠ ቀረብ አለ። «ያንን ደረቁን ታንኳ ባየው ኖሮ…» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው።

እናኑ መቋሚያውን እንደያዘች ቆማለች። እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፤ በእሷ ቦታ ብትሆኑ ያልካደው ማን ነው ትላላችሁ? መቋሚያውንስ ለማን ትሰጡታላችሁ?