ጠፍሩን የበላው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ መንገዱን በሚስትበት የባሕር ዳርቻ፣ ጣፋጭ ውሃ ያለው ጉድጓድ ነበረ። አንድ ብቻ። በወዲያ በኩል ባሕር፤ አይጠጣም። በወዲህ በኩል አሸዋ፤ አይሞከርም። ስለዚህ እንስሳቱ ተሰብስበው ሕግ አወጡ፦ በጉድጓዱ ዳር መብላትም መበላትም ክልክል ነው።

አህያዋ ከጉድጓዱ ዳር ለምን እንደማትርቅ አሁን ገባችሁ።

«እመት አህያ፣» ይላታል ጅቡ በየጠዋቱ፣ «እስቲ እግርሽን ለማፍታታት ወደዚህ ራመድ በይ።»

«እዚሁ ተመችቶኛል፣ አያ ጅቦ።»

«ትንሽ ብቻ!»

«አንተ ትንሽ ወደ ኋላ ሂድ፤ ያው ነው።»

ከጉድጓዱ ጀርባ ትልቅ የአሸዋ ኮረብታ አለ። በኮረብታውና በጉድጓዱ መካከል አሮጌ የእንጨት አጥር። የሠሩት ሰዎች ከሄዱ ቆይተዋል። እንጨቱ የታሰረው በጠፍር ነው። ጠፍር ቆዳ ነው። ቆዳ ደግሞ ለጅብ ምሳ ነው።

አንድ ቀን ጅቡ አጥሩን ሲያሸት አህያዋ አየችው።

«እንዳትነካው!» አለች። «ይህ ኮረብታ ድሮ ቁጥቋጦ ለብሶ ነበር። ሰዎቹ የባሕር ድንጋይ አቃጥለው ኖራ ሲያወጡ ለማገዶ ጨረሱት። የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ ካላመንክ ጀርባዬን ጠይቅ። ቁጥቋጦው ሲያልቅ አሸዋው መራመድ ጀመረ። ቤት ዋጠ። ያኔ ደንግጠው ይህን አጥር ሠሩ።»

«ሰዎቹ የታሉ?»

«ሄዱ።»

«እንግዲያውስ ሥራቸውም አብሯቸው ሄዷል!»

«አሸዋው ግን መሄዳቸውን አልሰማም።»

አልተስማሙም። ቀበሮ ለዳኝነት ተጠራች። ቀበሮ ሸርጣን ወዳድ ናት፤ ወደ ባሕር ለመውረድ በየቀኑ ያንን ረጅም አጥር መዞር ሰልችቷታል። ይህን ግን ለማንም አልተናገረችም። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አጥር አጥር ነው፤ አይነካም» አለች።

አህያዋ እፎይ አለች።

«ጠፍር ግን ቆዳ ነው። አያ ጅቦ ቆዳውን ብቻ ይብላ። እንጨቱን በጥርሱ ቢነካ ግን ወዮለት!»

«ፍርድ ማለት ይህ ነው!» አለ ጅቡ። አፉ ሞልቶ ስለነበር በደንብ አልተሰማም።

በላ። የባሕር ነፋስ ለዓመታት ጨው ያጠጣውን ጠፍር እያላመጠ በላ። ፍርዱንም አከበረ፤ አንዲት እንጨት አልነካም። እንጨቶቹ ራሳቸው ወደቁ። ጠግቦ ሲያቆም የአጥሩ መካከል ተከፍቶ ነበር።

ነፋስ ተነሣ።

ቀበሮ በአዲሱ አቋራጭ ወደ ባሕር ስትሮጥ፣ አሸዋው በዚያው አቋራጭ ወደ እሷ እየሮጠ ነበር። መሃል ላይ ተገናኙ። እሷ ወደ ኋላዋ ተመለሰች። አሸዋው አልተመለሰም።

ሽ… ሽ… እያለ ጉድጓዱ አፍ ላይ ደረሰ። አህያዋ በኮቴዋ ትገፋዋለች፤ ይመለሳል። ትገፋዋለች፤ ይመለሳል።

ጅቡ በደስታ ጨፈረ። «ጉድጓድ ከሌለ የጉድጓድ ሕግ የለም! እመት አህያ፣ ዳሩ ወዴት ነው? እስቲ አሳይኝ!»

አህያዋ አሸዋ መግፋቷን አቆመች። ግን አልሮጠችም።

«ብላኝ» አለችው። «ከዚያስ ምን ትጠጣለህ?»

ጅቡ ሊስቅ አፉን ከፈተ። ምላሱ ከላንቃው አልላቀቅ አለው። ጨው! ሆዱ ውስጥ ባሕር የገባ መሰለው።

«ደምሽን!» አለ እንደምንም።

«ደሜ ከጠፍሩ ይብሳል። ዕድሜዬን ሙሉ ያፈሰስኩትን ላብ አስበው።»

ጅቡ አሰበ። ማሰብ ስለማይወድ ይበልጥ ጠማው። «ውሃ!» ብሎ ጮኸ። «ኧረ አጥሩን እሰሩት!»

«በምን ጠፍር?» አለች አህያዋ።

ሁለቱም ወደ ዳኛዋ ዞሩ። ዳኛዋ ከጆሮዋ አሸዋ አራገፈች።

«ቀላል ነው» አለች። «ጠፍሩ የት አለ? በአያ ጅቦ ሆድ። የጠፍር ቦታው የት ነው? አጥሩ ላይ። እንግዲህ አያ ጅቦ፣ ክፍተቱ ላይ ጋደም በል!»

«እኔ?!»

«ወይ ተኛ፣ ወይ ተጠማ።»

ተኛ። አሸዋው ጀርባውን ተደገፈ። አህያዋ የወደቁትን እንጨቶች እየጎተተች፣ ቀበሮዋም ጭራሮ እየለቀመች ጎኑ ላይ ከመሩበት። ጆሮው ሞላ። አፍንጫው ሞላ። ሲያነጥስ ኮረብታው አብሮት አነጠሰ። ጉድጓዱ ግን ተረፈ፤ ነፋሱ ሲበርድ ጅቡ ተነሥቶ ጠጣ፣ ጠጣ፣ ጠጣ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ጅቡ ክፍተቱ ላይ ይጋደማል። እሱ ሲጋደም አህያዋ እያናፋች ሜዳ ለሜዳ ትፈነጫለች፤ ከሩቅ ቁጥቋጦ በልታ ትመጣና ፍሬውን ከፋንድያዋ ጋር ኮረብታው ላይ ትዘራለች።

«እመት አህያ፣» አለ ጅቡ አንድ ቀን፣ ከአሸዋው ውስጥ አንገቱን አውጥቶ፣ «ይህ ቁጥቋጦ አድጎ እኔን የሚተካኝ መቼ ነው?»

«ሰዎቹ የጨረሱት በአንድ በጋ ነው፣ አያ ጅቦ።»

«ስለዚህ በአንድ በጋ ይመለሳል!»

«ኧረ ተው! ልጆችህን ከአሁኑ መጋደም አስተምራቸው።»

ከዚህ የምንማረው፣ ቀድመውን የሄዱ ሰዎች በመሬት ላይ ያሰሩትን ከመፍታታችን በፊት ምን ይዞ እንደቆመ መጠየቅ እንዳለብን ነው።