ዳማና አራቱ ካንዴላዎች

ኑ፣ ቀረብ በሉ፤ ተረት ላወራችሁ ነው። «እህ» እያላችሁ ተከተሉኝ። አንዱ ያንቀላፋ እንደሆነ መሃል ላይ አቆማለሁ፤ ኋላ አልሰማንም እንዳትሉ!

ድሮ ድሮ፣ ብረት አፍ በነበረው፣ ሰውም ብረት ሲናገር ጆሮ በሚሰጥበት ዘመን፣ ሽብሩ የሚባል ባለ መኪና ነበር። መኪናው አሮጌ የጭነት መኪና ናት፤ መልኳ ቀላ ያለ። ሽብሩም የአባቱን ፈረስ ስም አንስቶ «ዳማ» ብሎ ሰየማት። ማታ ማታ ኮፈኗን ደባብሶ «ደህና እደሪ» ሳይላት አይተኛም። ሚስቱ ትርፌ ታዲያ፣ «እኔንስ መቼ ነው እንዲህ የምትደባብሰኝ?» እያለች ትስቅበታለች።

የዳማ ሥራ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የእድሩን ድንኳን፣ የእድሩን አግዳሚ ወንበር፣ የእድሩን ትልልቅ ድስት ተሸክማ ሰርግ ቤትና ለቅሶ ቤት የምታደርስ እሷ ናት። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ሳል ያዛት። ሜዳ ላይ እህህ፣ ዳገት ላይ እህህ፣ ቁልቁለት ላይ እንኳ እህህ! ባለፈው ሰርግ ድንኳኑን ያደረሰችው እንግዳው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ መርቆ ከወጣ በኋላ ነበር።

የእድሩ ዳኛ አቶ ደባልቄ በዚህ ተናደዱ። አንድ እሁድ ጠዋት ከዘራቸውን ይዘው ከሽብሩ ግቢ ገቡ።

«ስማ ሽብሩ! ዛሬ የወይዘሮ አስካለ ልጅ ትዳራለች። ድንኳኑ ረፋዱ ሳያልፍ ካልተተከለ ከዛሬ ጀምሮ ሌላ መኪና እንይዛለን። አንተም ይህቺን ለቆራሌው ሽጣት፤ ቀልጣ ድስት ሆና ብትመጣ ይሻለናል።»

«ትደርሳለች ጋሼ፤ ግድ የለዎትም» አለ ሽብሩ። አፉ እንዲህ አለ እንጂ ልቡ አላመነም። ዳማ ለቆራሌው? ዳማ ድስት ስትሆን? ከማየቱ በፊት ዓይኑ ቢጠፋ መረጠ።

እርዱኝ እንዳይል፣ የመንደሩ መካኒክ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የዕለቱ ሙሽራ! «ካንዴላዎቿ አርጅተዋል፤ አዲስ ገዝተህ አስቀምጥ፣ ከሰርጌ በኋላ እቀይርልሃለሁ» ብሎት ነበር። ሽብሩ ካንዴላዎቹን ገዝቷል፤ የሚቀይረው ሰው ግን ፀጉሩን እየተስተካከለ ነው። እንግዲህ ሽብሩ ምን ያድርግ? እጅጌውን ሰብስቦ ኮፈኑን ከፈተ።

ካንዴላ ማለት ለሞተር እሳት የምትጭር ናት። በዳማ ሞተር ውስጥ አራት ካንዴላዎች በአንድ ረድፍ ተቀምጠዋል፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። እሳቱን በአራት ገመድ የሚልክላቸው ደግሞ ዲስትሪቢውተር የሚሉት እሳት አዳይ ነው። ሽብሩ ከመቸኮሉ የተነሳ አራቱንም ገመድ በአንዴ ነቀለ። አሮጌዎቹን በመፍቻ ፈታቸውና፣ እንደ ማንቆርቆሪያ ቂጥ የጠቆሩትን፣ አንድ ጣሳ ውስጥ ወረወራቸው። አዲሶቹ እያብረቀረቁ ከካርቶናቸው ወጡና ቦታ ቦታቸውን ያዙ።

«አሁን የትኛው ገመድ የየትኛዋ ነበር?» አለ ሽብሩ ራሱን እያከከ።

ይህን ጊዜ ከጎማው ሥር አንድ ድምፅ ተሰማ። የቤቱ አውራ ዶሮ ነው። ለመልሱ ድግስ ሊሰጥ እግሩን ታስሮ፣ በዳማ ተጭኖ የሚሄድበትን ሰዓት እየጠበቀ ነበር። በልቡም «ዳማ ካልሄደች እኔም አልሄድ» እያለ ያሰላል።

«ጌታዬ ሽብሩ፣ አንተ ጨዋ ሰው ነህ» አለ ድምፁን አለስልሶ። «ድግስ ላይ መጀመሪያ የሚቀርበው ለማን ነው?»

«ለታላቅ ነዋ!»

«ቀጥሎስ?»

«ለተከታዩ።»

«ታዲያ እሳትስ ቢሆን በወንበር ተራ ቢታደል ምን ነውር አለው? ለአንደኛዋ፣ ለሁለተኛዋ፣ ለሦስተኛዋ፣ ለአራተኛዋ።»

«እሰይ የኔ አስተዋይ!» አለች አዲሲቷ ሁለተኛ ካንዴላ ከመቀመጫዋ። «ሁለተኛ ተቀምጫለሁ፤ ሁለተኛ እቀበላለሁ። ክብሬ ነው!»

ሽብሩም «ወግ ያለው ነገር ነው» ብሎ ገመዶቹን በወንበር ተራ ሰካ፤ ጋቢና ገብቶ ቁልፉን አዞረ።

እህህ፣ እህህ፣ ጧ!

«አላጠበቅሃቸውም» አለ አውራ ዶሮው። ሽብሩ ወርዶ አጠበቃቸው። ቁልፉን አዞረ።

እህህ፣ እህህ፣ ጧ! ጧ!

«ቤንዚን ጠምቷት ነው» አለ አውራ ዶሮው። ሽብሩ ሮጦ በጄሪካን ቤንዚን ጨመረላት። ቁልፉን አዞረ።

እህህ፣ እህህ፣ ጧ! ጧ! ጧ!

ሦስተኛዋ ጧታ ግቢውን በጭስ ሞላችው። አውራ ዶሮው እንዲህ ያለ ነገር አልጠበቀም ነበርና በድንጋጤ የታሰረበትን ገመድ በጥሶ የቤቱ ጣሪያ ላይ ጉብ አለ። እዚያም ሲደርስ ደስታውን መደበቅ አቃተው።

«ኩኩሉ! በወንበር ተራ ብዬ ሸወድኩት! ከእንግዲህ የሚበላኝ የለም!»

«ሽብሩ፣ ምን አደረግኸኝ?» አለች ዳማ እያሳለች። «እሳቱ ያለ ሰዓቱ እየመጣ ጉሮሮዬን ያንቀኛል።»

ሽብሩ ወደ እሳት አዳዩ ዞሮ፣ «አንተስ እያየህ ዝም ትላለህ?» ብሎ ጮኸ።

«እኔ የማንንም ታላቅነት አላውቅም» አለ እሳት አዳዩ ቀዝቀዝ ብሎ። «ፊቴ ለቆመ ገመድ እሰጣለሁ። ያቆምከው አንተ ነህ።»

ሽብሩ ጎማውን ተደግፎ ተቀመጠ። ፀሐይዋ ከፍ ከፍ ትላለች። እንባው መጣ፤ ማልቀሱ አሳፈረው፤ ግን አለቀሰ።

ትርፌ የሰርግ ልብሷን ለብሳ ብቅ ስትል ባሏ ጥቀርሻ በጥቀርሻ ሆኗል። የሆነውን ሁሉ ነገራት። እሷም ወገቧን ይዛ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜ ልኩን ሞተር ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ዶሮ ታማክራለህ? የሠሩት እዚህ ተጥለው!» አለችና ጣሳውን አነሳች። «እናንተ ሆዬ፣ ሥራው እንዴት ነበር?»

ከጣሳው ውስጥ አሮጊቷ ሁለተኛ ካንዴላ በሻከረ ድምፅ ተናገረች። «ሦስት ክረምት እሳት ስንጭር ኖረን፣ ስንወጣ አንድ ቃል የጠየቀን የለም።»

ሽብሩ ከተቀመጠበት ተነሳ። «አጥፍቻለሁ እማማ። ይቅር በሉኝ።»

«ይቅር ብለናል። እንግዲህ ስማ። መጀመሪያ አንደኛዋ ትቀበላለች። ከዚያ ሦስተኛዋ። ከዚያ አራተኛዋ። እኔ ሁለተኛ ተቀምጬ የምቀበለው መጨረሻ ነበር።»

«መጨረሻ?» ብላ ጮኸች አዲሲቷ። «እኔ መጨረሻ? ምን በወጣኝ! ታናናሾቼ በልተው ትርፍራፊ ልጠብቅ?»

«ልጄ፣ እኔም የመጀመሪያ ቀን አኩርፌ ነበር» አለች አሮጊቷ። «አንደኛዋ ስትጭር አንቺ ቤት ቤንዚኑ ገና አልታመቀም። ያኔ እሳት ቢመጣልሽ ምን ታደርጊበታለሽ? ጧ ከማለት በቀር! ትንሽ ጠብቂ። ተራሽ ሲደርስ እሳቱ ሙሉ ነው፤ ያላንቺ ደግሞ ዳማ ዙሯን አትሞላም።»

ትርፌ ሳቀች። «እኔን እዪኝ እንጂ! በእድሩ ድግስ ሁሉን አሳልፌ መጨረሻ የምበላ እኔ ነኝ። እስቲ እኔ የሌለሁበትን ድግስ ደግሰው ያሳዩኝ!»

ይህን ስትሰማ አዲሲቷ ካንዴላ ለዘብ አለች። በመጨረሻ፣ «እሺ ይሁን። ግን ያ ጣሪያ ላይ ያለው እንዳይሰማ» አለች በሹክሹክታ።

ሽብሩ ገመዶቹን አሮጊቷ እንደነገረችው ሰካ። አንደኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ሁለተኛ። ጋቢና ገብቶ ቁልፉን አዞረ።

ድም ድም ድም ድም!

ሳል የለ፣ ጧታ የለ! «እፎይ! ትንፋሼ ተመለሰ!» አለች ዳማ። ሽብሩ ትርፌን ከነሰርግ ልብሷ አቅፎ አሽከረከራት፤ ጥቀርሻው ቢነካትም አልተቆጣችም። አሮጊቶቹን ካንዴላዎች በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ጋቢና ውስጥ አስቀመጣቸው። አውራ ዶሮውን ማን ይጠብቀው? እዚያው ጣሪያው ላይ ተውትና ወደ እድሩ ቤት በረሩ።

ዳማ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን ተሸክማ ዳገቱን እየዘፈነች ወጣች። ወይዘሮ አስካለ ደጅ ስትደርስ አቶ ደባልቄ ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ። ገና ረፋድ ነው! ከዘራቸውን ወርውረው የድንኳኑን ካስማ በገዛ እጃቸው መትከል ጀመሩ። «ከእንግዲህ ይህቺን መኪና ለቆራሌው የሚል ከእድራችን ይሰረዝ!» አሉ፤ ማን እንዳለው የረሱ ይመስል።

ድግሱ ሲቀርብ አቶ ደባልቄ ሽብሩን ጠርተው ከጎናቸው፣ ከትልልቆቹ መሃል ቦታ ሰጡት። ሽብሩ ግን የወጥ ጭልፋውን ከትርፌ እጅ ወስዶ ከድስቱ አጠገብ ቆመ።

«ምን ሆንክ? ና ተቀመጥ እንጂ!» አሉት።

«ተራዬ ገና ነው ጋሼ» አለ እየሳቀ።

እንግዳው ሁሉ በልቶ ሲጠግብ ሽብሩና ትርፌ ከድስቱ ግርጌ ተቀምጠው ተጎራረሱ። ሽብሩ ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ የጣፈጠው ምግብ በልቶ አያውቅም ነበር።

አይ እናንተ፣ ለካ ሳታንቀላፉ ሰምታችሁኛል! እንግዲያው ይህን ይዛችሁ ግቡ። ክብርን ለመቀመጫ ተዉት፤ የሥራን ተራ ግን በሥራው ያረጀውን ጠይቁ።