አንተ! ባለ ከዘራው!

አንዲት ልጅ መሬት ላይ ተንበርክካለች። ፊት ለፊቷ የተዘረጋው ሰው አይተነፍስም። እጆቿን ደረቱ ላይ ደራርባ ትጫናለች፤ ደግማ ትጫናለች፤ ላቧ ጠብ ጠብ ይላል። ዙሪያዋን ሰዎች ቆመው ያያሉ። አንድም የሚንቀሳቀስ የለም።

አትደንግጡ ወገኖቼ። የተዘረጋው ፕላስቲክ ነው፤ የፈተና አሻንጉሊት። የቆሙትም ሰዎች «እዚህ ቁሙ» ተብለው የቆሙ ናቸው።

ልጅቱ አትጠገብ ትባላለች። የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሽያን ልትሆን ተምራ ኮሌጇን ጨርሳለች። ኮሌጅ መጨረስ ብቻውን ግን አምቡላንስ ላይ አያስቀጥርም። የብቃት ምዘናውን፣ እናንተ ሲኦሲ የምትሉትን፣ ማለፍ አለባት። ሲኦሲ የወደቀ ዘመድ የሌለው እዚህ ጉባኤ ውስጥ አለ? እጁን ያውጣ እስቲ! የለም። እንግዲያው ያን ቀን ጠዋት ልጅቱ ለምን ቁርሷን ሳትቀምስ እንደወጣች እናንተ ታውቃላችሁ።

ሁሉን በተማረችው መንገድ አደረገች። አካባቢው አደጋ የሌለበት መሆኑን አየች፣ ጓንቷን አጠለቀች፣ ትከሻውን ነቀነቀች፣ ትንፋሹን አዳመጠች። ከዚያ ቀና አለችና እንዳሳደጓት፣ በጨዋ ደንብ፣ «እባካችሁ፣ አንድ ሰው አምቡላንስ ይጥራልን!» አለች። ይህን ብላ መጫኗን ቀጠለች። ክንዷ እስኪዝል ተጫነች።

መዛኙ «በቃሽ» አላት። «አምቡላንሱን ማን ጠራ?»

«ይጥሩልኝ ብያለሁ።»

«እነማን?»

«አንድ ሰው ይጥራ ብያለሁ።»

«አንድ ሰው የትኛው ነው? እስቲ አሳዪኝ።»

ዞር ዞር ብላ አየች። አጠገቧ የኮሌጁ ሽማግሌ ዘበኛ ቆመዋል። ከእሳቸው ወዲያ ያሉት አንዱ ጣራ ጣራውን፣ ሌላው ጫማውን ያያል። «አንድ ሰው» የሚባል ሰው ከመካከላቸው አልነበረም።

«በሽተኛሽ ሞቷል» አላት መዛኙ። «አንዱን መርጠሽ፣ በጣትሽ ጠቁመሽ፣ አንተ! ባለ ሰማያዊው ሸሚዝ! አምቡላንስ ጥራና ተመልሰህ ንገረኝ ነው የሚባለው። ይህን አላስተማሯችሁም?»

«አስተምረውናል። ግን አጠገቤ የነበሩት ትልቅ ሰው ናቸው። አንተ ልላቸው ነው?»

መዛኙ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገ። ወደቀች።

አሁን ይህች ልጅ ግራ ብትጋባ ትፈርዱባታላችሁ? እኔ አልፈርድባትም። ትልቅ ሰው አንተ አይባልም ተብላ አደገች። ሰው ላይ ጣት አይቀሰርም ተብላ አደገች። እዚያው ኮሌጅ ውስጥ ሳይቀር፣ በሽተኛ በክብር ይጠራል፣ ሽማግሌ ከሆነ አንቱ ይባላል ብለው አስተምረዋታል። እንግዲያው ለወደቀው አንቱ፣ ለቆመው አንተ? ይህ ምን ዓይነት ትምህርት ነው? ወገኖቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ታሪኩን መጀመሪያ ስሰማ እኔም ከመዛኙ ጋር ተጣልቼ ነበር።

ቤቷ ገባችና ትራስ መሬት ላይ አስተኝታ ልምምድ ጀመረች። አባቷ አቶ ይመር ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ተቀምጠዋል። አትጠገብ ድንገት ቀና አለችና ጣቷን ቀስራ «አንተ! ባለ ጋቢው!» ብላ ጮኸች።

ሬዲዮው ጠፋ።

«ማንን ነው?»

«ለፈተናው ነው አባዬ። እርስዎን አይደለም። ማለቴ እርስዎን ነው፤ ግን…»

«አንቱ ብለሽ መጥራት አትችይም?»

«እሺ፣ ይኸው፤ ይቅርታ አባቴ፣ ካላስቸገርኩዎት፣ እርስዎ፣ አዎ እርስዎ፣ ስልክ ይዘው እንደሆነ…» አለችና ትራሱን አየት አደረገችው። «አሁን ሞተ።»

«ይሙታ!» አሉ አቶ ይመር። «በዚህ ቤት ትልቅ ሰው አንተ ከሚባል ትራሱ ይሙት!»

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም ስቄያለሁ። ልጅቱ ግን ያን ቀን አልሳቀችም። መዛኙ ገድለሻል ብሏታል፣ አባቷ ደግሞ አዋርደሽኛል ብለዋታል። ማንን ትስማ?

በዚህ መሃል የእድሩ ዓመታዊ ስብሰባ ደረሰ። የእድሩን ዳኛ አቶ መንበሩን ላስተዋውቃችሁ። በከተማው አንቱ የተባሉ ሰው ናቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው ሲነሡ ሰው ሁሉ ይነሣል፤ ሲያስሉ አዳራሹ ጸጥ ይላል። ስማቸውን ብቻውን የሚጠራ የለም። ሚስታቸው እንኳን አንቱ ነው የሚሏቸው።

የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ተሰባበሩ የሚል ክርክር ተነሣ። አቶ ይመርም ለመናገር ብድግ አሉ። «እኔ የምለው…» ብለው ጀመሩ። ከዚያ ምን ሊሉ እንደነበር እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም። ቁጭ አሉ፣ ከመቀመጫቸውም ተንሸራተው ወለሉ ላይ ወደቁ።

አዳራሹ ተተራመሰ። «ውሃ አምጡ!» ይላል አንዱ። «ክብሪት አሽቱት!» ይላል ሌላው። «አራግቡት! ገለል በሉለት!» እያለ ሰዉ ይበልጥ ይከባል። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ጩኸት ከዳር እስከ ዳር ያስተጋባል፦ «ኧረ የሰው ያለህ! የሰው ያለህ!»

እስቲ አስቡት። አዳራሹ በሰው ጢም ብሏል። አንዱ የሌላውን እግር ይረግጣል። ሁሉም በአንድ አፍ «የሰው ያለህ» ይላል። ማንን ነው የሚጠሩት? የትኛውን ሰው? ከየት እንዲመጣላቸው ነው?

አትጠገብ በር አጠገብ ከሴቶቹ ጋር ነበረች። ሰዉን እየገፋች ገባችና ተንበረከከች። «አባዬ! አባዬ!» ትከሻቸውን ነቀነቀች። ጆሮዋን ወደ አፋቸው አስጠጋች። ትንፋሽ የለም። እጆቿን ደረታቸው ላይ ደረበች። ይህ ፕላስቲክ አይደለም። በልጅነቷ ተኝታበት ያደገችበት ደረት ነው።

ተጫነች። ቀና አለች። «እባካችሁ» የሚለው ቃል አፏ ላይ መጣ። ያው የለመደችው ቃል። ሰዉን አየችው፤ ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል። አቶ መንበሩ ግድግዳውን ተጠግተው ቆመዋል። ስልካቸው ከደረት ኪሳቸው ብቅ ብሎ ይታያል። ልጅቱ አንድ እጇን አነሣች። ጣቷን ቀሰረች።

«አንተ! ባለ ከዘራው!»

የሰዉ ዓይን ሁሉ አቶ መንበሩ ላይ አረፈ። አንዲት እናት በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። የወደቀውን ሰው ለአፍታ የረሱት ይመስለኛል።

አቶ መንበሩስ ምን አደረጉ? ተቆጡ? አልተቆጡም። ዞረው ወደ ኋላቸው አዩ!

አዎ፣ ዞረው አዩ። ይህ አንተ የሚባለው ምስኪን ማን ይሆን ብለው ፈለጉት። ከኋላቸው ግድግዳ ነው። ግድግዳው ላይ ያለፈ ዓመት ካላንደር ተሰቅሏል። ሌላ ምንም የለም። ግራ ገብቷቸው ተመለሱ።

«አንተን ነው!» አለች ልጅቱ፣ እየተጫነች፣ እያለቀሰች። «አምቡላንስ ጥራ! ተመልሰህ ንገረኝ!»

ከዘራው ወለሉ ላይ ተንኳኳ። እኒያ ትልቅ ሰው ስልካቸውን አወጡ፣ ደወሉ፣ የአዳራሹን መንገድ ሳያምታቱ ተናገሩ። ከዚያ ሰዉን ጥሰው መጡና ጎንበስ አሉላት። «ጠርቻለሁ፤ መጣን ብለዋል» አሏት። ቀጥለውም «ሌላስ ምን ላድርግ?» አሉ።

አምቡላንሱ ልብ የሚቀሰቅሰውን መሣሪያ ይዞ እስኪደርስ ድረስ አላቆመችም። አቶ ይመር ተረፉ።

አሜን አትበሉ፣ ቆዩ። እንዲህ የማይሆንበት ጊዜ አለ። ጠርታችሁ፣ ሮጣችሁ፣ የሚደረገውን ሁሉ አድርጋችሁ የቀበራችሁ እዚህ ውስጥ ተቀምጣችኋል። አውቃችኋለሁ፤ ከአንዳንዶቻችሁ ጋር መቃብሩ ላይ ቆሜያለሁ። ለምን አንዱ ተርፎ ሌላው እንደማይተርፍ አላውቅም። እሱን ስጠየቅ ግራ ይገባኛል፤ የገባኝ መስዬም አልነግራችሁም።

አቶ ይመር ሆስፒታል ውስጥ ነፍሳቸውን ሲያውቁ መጀመሪያ የጠየቁት ምን ይመስላችኋል? «አቶ መንበሩን ምን አልሻቸው?» አሉ! ሰው ነግሯቸዋል። ልጅቱ አቀርቅራ ነገረቻቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሳይገልጡም «ሂጂና ጉልበታቸውን ሳሚ» አሏት።

ሄደች። አቶ መንበሩ ጉልበት ላይ ተደፋች። «ይቅር ይበሉኝ፤ አንተ ስላልኩዎት» አለች።

አነሷት። «እናቴ ከሞተች ወዲህ አንተ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም» አሏት። «ስትጮኺ እኔን አልመሰለኝም። ግድግዳውን ሳይ ነው እኔ መሆኔን ያወቅሁት።» ከዘራቸውንም ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «ልጄ፣ ይመር ሲወድቅ እኔም እኮ ከሰዉ ጋር የሰው ያለህ እያልኩ ነበር። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ሆኖ።»

«ታዲያ ከእንግዲህ ምን ብዬ ልጥራዎት?» አለቻቸው።

«እንጃ» አሉ ሽማግሌው። «እሱን እኔም አላውቀውም።»

ሁለተኛ ስትፈተን አለፈች። አንተ ያለችውም መዛኙን ራሱን ነው ይባላል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ወደ ሰዓታችሁ አትዩ፣ አልቆይም።

አንድ ነገር ልብ ብላችኋል? የመሥሪያ ቤት አለቃችንን አንቱ እንላለን። የእድራችንን ዳኛ አንቱ እንላለን። ሰማይና ምድርን የፈጠረውን ግን ምን እንለዋለን? አንተ! «አንተ አባታችን፣ አንተ ስማን፣ አንተ ድረስልን!» ከሁሉ የሚበልጠውን፣ አንቱ ሊባል የሚገባውን፣ በቀጥታ ጠቁመን አንተ ብለን እንጠራዋለን። እሱም ተቀይሞን አያውቅም። ማንን ይሆን የሚጠሩት ብሎ ዞሮ ወደ ኋላው አይቶ አያውቅም።

እሱ ሲጠራንስ? ያን ጊዜ ሁላችንም «አንድ ሰው» እንሆናለን። «ጌታ ሆይ፣ ለዚህች ከተማ ሰው አስነሣ!» ብለን እንጸልያለን። ድምፃችን እስኪዘጋ እንጮኻለን። የሰው ያለህ እንላለን። ስልኩ የት ነው ያለው? መኪናውስ የማን ግቢ ነው የቆመው? ጉልበቱ፣ ጊዜው፣ ሙያው የማን ነው? አንተ ስትባል ግን ዞረህ ታያለህ። አንቺም ዞረሽ ታያለሽ። ለዘማሪዎቹ ነው ትላላችሁ፤ ለሽማግሌዎቹ ነው ትላላችሁ።

ባለፈው እሑድ ከዚህ መድረክ ላይ ማስታወቂያ ተነግሮ ነበር። «እማማ ብርቄ ታመው ተኝተዋል፤ የቻለ ሰው ይጠይቃቸው» ተባለ። አሜን አላችሁ። አሜናችሁ ቆርቆሮውን አናግቶት ነበር! ትናንት ሄድኩ። «እማማ፣ ሰው መጥቶ ነበር?» አልኳቸው። ወደ በሩ አዩ። «ኧረ ሰው የለም» አሉኝ።

እንግዲህ ዛሬ «እባካችሁ» አልልም። «የቻለ ሰው» አልልም። ደንቡን ጣስክ በሉኝ፣ ጣት ቀሰርክብን በሉኝ።

አንተ! ከምሰሶው ሥር፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ ያለኸው፣ ባለ ግራጫው ኮት! ዛሬ ከዚህ ስትወጣ እማማ ብርቄ ቤት ሂድ፤ ተመልሰህ ንገረኝ።

ወዴት ትዞራለህ? ከኋላህ ግድግዳ ነው።