አህያዋ በጃርት እሾህ የፈታችው ስልክ

አንድ ጊዜ ቀበሮ በቆላው ጫካ ውስጥ ስልክ ያድል ጀመር። ያውም በነፃ! ስልኩ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፤ ክዳን የለው፣ ብሎን የለው፣ ድፍን ነው። ሲከፈት መጀመሪያ አንድ የማያልቅ ጽሑፍ ይመጣል፤ ከግርጌው «እስማማለሁ» ይላል። አያ ጅቦ ማንበብ የት ያውቃል! ስብ የተቀባ መስሎት በምላሱ ላሰውና ተስማማ።

አህያም መጣች። ቀን ቀን ጭነት ተሸክማ ስለምትሄድ ውርንጭላዋን ዋሻ ውስጥ ትታ ነው የምትውለው፤ አደጋ ሲመጣ ልጇ የሚጠራበት ስልክ ፈልጋ ነበር።

«አያ ቀበሮ፣ ቢሰበር ማን ይጠግነዋል?»

«መጠገን ድሮ ቀረ! ትጥይውና ሌላ ትወስጃለሽ።»

«እስቲ ውስጡን ልየው።»

«ውስጡ ምን ያደርግልሻል? ይልቅ ጭነትሽን ተሸከሚ!»

አህያ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብላ በልቧ ወደ ጃርት ሄደች። የጃርት ስልክ ወፍራም ነው፤ መልክ የለው፣ በነፃም አይደለም፤ ለሁለት ስልክ አንድ ከረጢት ድንች አስከፈላት። ግን ከጀርባው አንድ እሾህ ነቅሎ «እንቺ፣ ራስሽ ፍቺው» አላት። እሾሁን በጥርሷ ይዛ አራቱን ብሎኖች ፈታች።

«ይሄ ባትሪው፣ ይሄ ድምፅ ማጉያው። ፕሮግራሙም ክፍት ነው፤ ጦጣም ዝንጀሮም አንብበውታል፤ የተደበቀ ጆሮ የለበትም። ትርፍ ባትሪም ያዢ።»

«ፈታሁት! እኔው ራሴ ፈታሁት!» አህያ በደስታ ጫካው እስኪያስተጋባ አናፋች። አንዱን ለራሷ፣ አንዱን ለልጇ ይዛ እየዘለለች ሄደች። የቀበሮን ስልክ የወሰደችው ፍየል ከመንገድ ዳር ሆና ሳቀችባት፤ «አህያ መቼም ሸክም ትወዳለች፣ ጡብ ገዝታ መጣች!»

በዚያው ሰሞን ጅብን ራበው። ቀበሮ ዘንድ ሄዶ «ማን ነው ልጁን ብቻውን ትቶ የሚውል?» አለው። ያደላቸው ስልኮች ሁሉን ለቀበሮ ይነግሩታል።

«የፍየል ልጆች ሾላው ሥር ናቸው።»

«ፍየልማ ለነገ ትቆየኝ። እኔን ያማረኝ የውርንጭላ ሥጋ ነው።»

«አህያዋ ከእኔ ስልክ አልወሰደችም። በአፍንጫህ ፈልግ!»

ጅብ ሦስት ቀን አስሶ ዋሻውን አገኘ። በሩ ጠበበውና ይቆፍር ጀመር። አህያ ያን ጊዜ ወንዝ ስትሻገር ስልኳ ውሃ ውስጥ ወድቆ ጭጭ ብሎ ነበር። ፈጥና ብሎኖቹን ፈታች፤ ውሃውን አራግፋ ትርፉን ባትሪ ከተተች። ወዲያው ጮኸ!

«እማዬ! ጅብ እየቆፈረ ነው!»

ጭነቱን ወርውራ ጋለበች! ጅብ ቀና ሳይል በሁለት የኋላ እግሮቿ መንጋጋውን አለችው።

«ወይኔ ጥርሴን!» ጅብ እየሮጠ ለፈለፈ። «ጥፋቱ የቀበሮ ነው! የሁሉን ቤት ነግሮኝ ያንቺን አላውቅም አለኝ! የፍየል ልጆች ሾላው ሥር መሆናቸውን እንኳ ነግሮኛል!»

በሜዳው ትግጥ የነበረችው ፍየል ይህን ሰምታ ክው አለች። ስልኳን ይዛ ጃርት ዘንድ በረረች።

«አባባ ጃርት፣ ወሬ አቀባዩን ከውስጡ አውጣልኝ!»

ጃርት ስልኩን ገለበጠው፣ ደግሞ ገለበጠው፤ እሾሁን የሚያስገባበት ቀዳዳ አጣ።

«እናቴ» አላት፣ «ይሄ እኮ ያንቺ አይደለም።»

ፍየል ስልኩን እዚያው ጥላ ልጆቿን ልታሸሽ ሮጠች።

ከዚህ የምንማረው፣ ከፍተን የማናየውና ሲበላሽ የማንጠግነው ዕቃ በእጃችን ብንይዘው እንኳ ጌታው ሌላ መሆኑን ነው።