ጸሐፊው እና የማጥፊያው ቁልፍ

አንድ ጸሐፊ ነበረ። በአንድ ወረዳ ፍርድ ቤት አጥር ሥር፣ በቆርቆሮ በተሠራች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ፣ መጻፍ ለማይችል ሰው ይጽፋል። አቤቱታ ይጽፋል፣ ውል ይጽፋል፣ ደብዳቤ ይጽፋል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ኮምፒውተር፣ ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ መብራት ሲሄድ የሚይዝለት ባትሪ አለው። ከዚህ ሌላ ይህ ነው የሚባል ንብረት አልነበረውም።

አትቁነጥነጥ አንዳርጌ፤ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «በአሥራ አንድ ዓመት ትዳራችን ስንት ጊዜ ተቆጥቼ ከቤቴ ውጪ ብያታለሁ፤ በሦስተኛው ቀን ትመለስ ነበር። ዘንድሮም ያንኑ ቃል ነው ያልኳት፤ ይኸው ሁለት ወሯ። ምን አዲስ በደል በደልኳት?» ነው ያልከኝ። መልሱ ያለው እዚያ ጸሐፊ ዘንድ ነው። እኔ ባልና ሚስት ሳስታርቅ ነው የሸበትኩት፤ ታግሰህ ስማኝ።

ይህ ጸሐፊ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆንማ ታሪኩ ላንተ ምንህም አይደለም። ሥራውን የሚወድ፣ የድሀ ቃል የማያሳጥር ሰው ነበር። ነገር ግን ሁለት ልማድ ነበረው።

ያላለቀ ጽሑፍ አያስቀምጥም። ኮምፒውተር ጽሑፉን አስቀምጥ ሲሉት፣ ስሙን ማን ልበለው ብሎ ይጠይቃል። ጸሐፊው ደግሞ በልጅነቱ ዲቁና የተማረ ነው። ሕፃን ክርስትና ሲነሣ ነው ስም የሚወጣለት፤ ከዚያ በፊት አይቸኮልም፤ ጽሑፍም እንዲሁ ነው ይል ነበር። ባለጉዳዩ በአፉ «ጨርሻለሁ» ሳይል ለጽሑፉ ስም መስጠት ነውር ይመስለዋል። ሳያልቅ ስም የወጣለት ጽሑፍ ሳያልቅ ይቀራል ብሎ ይፈራል። ሰዎች ቢስቁበትም አልተወውም።

ታዲያ ያላለቀው ጽሑፍ እንዴት ያድራል? በሁለተኛው ልማዱ ነዋ። ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ የኮምፒውተሩን የማጥፊያ ቁልፍ አንድ ጊዜ ነካ ያደርጋል፤ ኮምፒውተሩ ይተኛል። ሚስቱ የሠራችለትን ዳንቴል ስክሪኑ ላይ ጣል ያደርግና በሩን ቆልፎ ይሄዳል። ጠዋት ዳንቴሉን ገልጦ ያንኑ ቁልፍ ሲነካው፣ ያቋረጠው ቃል ካቋረጠበት ቦታ ይጠብቀዋል። ሰባት ዓመት እንዲህ ኖረ፤ አንድ ፊደል ጎድሎበት አያውቅም።

አንድ ነገር ግን ረስቷል። የዚያ ቁልፍ ጠባይ እንዲያ አልነበረም። ኮምፒውተሩን የገዛ ሰሞን ቁልፉን በነካ ቁጥር ጥርቅም ብሎ ይዘጋበት ነበር። የሸጠለት ሰውዬ አዘነለትና ሴቲንጉ ውስጥ ገብቶ አስተካከለለት፤ ከእንግዲህ ስትነካው ይተኛል እንጂ አይዘጋብህም አለው። ያ ሰውዬ ከጊዜ በኋላ አረፈ። ጸሐፊው ቀብሩ ላይ ቆሞ አፈር አልብሷል። ቁልፉ ገር የሆነው በዚያ ሰው ውለታ መሆኑ ግን ከሐሳቡ ወጣ፤ ሲፈጠርም እንዲሁ ነበር ብሎ ያዘው። ሰው የለመደውን ደግነት ማን እንደ ሠራለት መች ይጠይቃል?

በሰባተኛው ዓመት ኮምፒውተሩ ቫይረስ ገባበትና ጥገና ቤት ወሰደው። ባለሙያዋ ጠንቃቃ ሴት ነበረች። የድሮ ጽሑፎቹን አውጥታ አስቀመጠችለት፣ የቀረውን ሁሉ ደምስሳ እንደ አዲስ ጫነች፣ ጽሑፎቹን መለሰችለት። ሲረከብም፣ «ጋሼ፣ አሁን እንደ አዲስ ሆኗል። የለመዱትን ሁሉ ረስቷል፤ አንድ በአንድ እያዩ ያስተካክሉት» አለችው። እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ስክሪኑ ያው ነው፣ ኪቦርዱ ያው ነው፣ ጠርዟ የተሸረፈችው ፊደል እንኳ እዚያው ናት። ምን ተለወጠ ብሎ ይመርምር?

ኮምፒውተሩን ይዞ የተመለሰ ዕለት ጠዋት አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ሃምሳ ቢሆናት ነው። አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማለች፤ ድምፅዋ ሻካራ ነው። ጉሮሮዋ ውስጥ እጢ ወጥቶባት፣ በማግስቱ ጠዋት ወደ ትልቁ ከተማ ሄዳ ቀዶ ጥገና ልትደረግ ነው። ሐኪሞቹ ነፍስሽ ይተርፋል፣ ድምፅሽ ግን አይተርፍም ብለዋታል። ፊደል አልቆጠረችም።

ይህች ሴት ከሃያ አራት ዓመት በፊት፣ በክፉ ቀን፣ የስምንት ወር ሴት ልጇን ልጅ ላጡ ባልና ሚስት ሰጥታ ነበር። ልጅቱ አድጋ እናቷን ስታፈላልግ ኖራ አሁን ዱካዋን አግኝታለች፤ ጥቅምት ላይ እመጣለሁ ብላ ልካለች። እናትየው ለምን እንደ ሰጠቻት፣ አባቷ ማን እንደ ነበረ፣ እንዴት እንደ ተለያዩ ለማንም ሰው ተናግራ አታውቅም። ስትመጣ የምነግርበት ድምፅ የለኝምና ዛሬ ጻፍልኝ አለችው። ጸሐፊው ቅን ሰው ነውና በስልክ ብትቀጂው አይሻልም ወይ ብሎ ጠየቃት። እሷ ግን፣ «ወንድሜ፣ ልጄ በዚህ ድምፅ እንድታውቀኝ አልፈልግም» አለችው።

ቀኑን ሙሉ ተናገረች። ውኃ እየተጎነጨች፣ እያረፈች፣ እንደገና እየጀመረች። ጸሐፊው የስንቱን ሰው እንባ የጻፈ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ሁለት ጊዜ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። አሥራ አራት ገጽ ሞላ። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ድምፅዋ ተቆራረጠባት። ማሳረጊያው ይቀረኛል፣ ጠዋት አውቶቡሱ ሳይነሣ መጥቼ እጨርሳለሁ ብላ አመስግናው ወጣች።

ጨርሻለሁ አላለችም። ስለዚህ ለጽሑፉ ስም አልወጣለትም።

ጎንበስ ብሎ ባትሪው መሙላቱን አየ፤ መብራት ቢሄድ እንዳይጠፋበት ነው። ከመብራቱ ተጠነቀቀ፤ ከገዛ ጣቱ ግን አልተጠነቀቀም። ቁልፉን ነካ አደረገ፣ ዳንቴሉን ጣል አደረገ፣ በሩን ቆልፎ ሄደ። ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ሰባት ዓመት ሲያደርገው የኖረውን።

በማግስቱ ሴትዮዋ ሻንጣዋን ይዛ በማለዳ መጣች። ዳንቴሉን ገልጦ ቁልፉን ነካው። ኮምፒውተሩ ግን ከእንቅልፍ እንደሚነቃ አልነቃም፤ ከሀ ጀምሮ ተነሣ። ሲከፈት ገጹ ባዶ ነው። ፈለገ፣ አገላበጠ፤ የለም። ስም ያልወጣለትን ነገር ማን ብሎ ይጥራው? ሴትዮዋ ከጀርባው ቆማ ታያለች። ፊደል አታውቅም፤ ባዶ ገጽ ግን ማንም ያነበዋል።

አልረገመችውም። ምነው በረገመችው። አጠገቡ ተቀመጠችና ትናንት የጀመረችበትን ቃል እንደገና ልትጀምር ሞከረች፤ ድምፅዋ አልመጣላትም። የቀራትን ድምፅ ትናንት ጨርሳዋለች። ከመናኸሪያው የአውቶቡሱ ጡሩምባ ተሰማ። ያኔ እጇን ትከሻው ላይ ጫነች፤ እሱም ጣቶቹን ኪቦርዱ ላይ አኖረ። በሹክሹክታ፣ «አልጣልኩሽም ብለህ ጻፍልኝ» አለችው። ጻፈ። ሌላም ትናገራለች ብሎ ጠበቀ።

«በቃ፣ ጨርሻለሁ» አለች።

ከአሥራ አራት ገጽ ያቺ ቃል ብቻ ቀረች፤ ለእሷ ስም አወጣላትና አስቀመጣት። ሴትዮዋም ሻንጣዋን አንሥታ ወደ አውቶቡሱ ሄደች።

ጸሐፊው ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ጥገና ቤት ሮጠ። ባለሙያዋ አገላብጣ ፈለገች፤ አላገኘችም። ከዚያ አንድ ነገር ልታሳየው አሰበች። ባዶ ገጽ ላይ ጥቂት ቃል ጽፋ፣ ሳታስቀምጠው ቁልፉን ነካች። ስክሪኑ ላይ ጥያቄ ወጣ፤ ያልተቀመጠ ጽሑፍ አለ፣ ልዘጋው ነው፣ ልተወው ወይ ይላል። ከሥሩ ከስልሳ ጀምሮ ወደ ታች ይቆጥራል። «ትናንትም ጠይቆዎት ነበር ጋሼ። መልስ ካጣ ይዘጋል። ሰው ካላስተካከለው በቀር ጠባዩ ይኸው ነው» አለችው።

ጠይቆታል። ዳንቴሉ ሥር ሆኖ፣ ልተወው ወይ እያለ፣ እሱ በሩን ሲቆልፍ፣ መንገዱን ሲሻገር፣ እየቆጠረ ጠብቆታል።

ጸሐፊው ቆጠራውን እስከ መጨረሻው ቆሞ አየ። አንድ አለ፤ ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ። «ስልሳ ሰከንድ ረጅም ነው» አለ።

ልጅቱ ጥቅምት ላይ ጸሐፊው ዘንድ መጣች። ያቺን አንዲት ቃል በወረቀት አትሞ ሰጣት። ሌላስ ብላ ጠየቀችው። የሚያስታውሰውን ነገራት፤ ግን የጸሐፊ ጆሮ ለጣቱ ያቀብላል እንጂ ለራሱ አያስቀርም። ስለ አንድ ቢጫ ጨርቅ፣ ስለ አንድ ድልድይ፣ ስለ ሦስት ቀን ዝናብ ነገራት፤ የቱ ከየቱ እንደሚቀድም ግን አያውቅም። ፈጥሮ ሊሞላላትም አልደፈረም።

እናትየው ከቀዶ ጥገናው ተርፋለች፤ በሕይወት አለች። ልጅ ትጠይቃለች፣ እናት ራሷን ትነቀንቃለች፤ አዎ ወይም አይደለም። ነገር ግን ሰው የሚጠይቀው ያሰበውን ያህል ነው። ያላሰበችውን እንዴት ትጠይቀው? እናት የምትነግራት ሞልቶ ሳለ፣ ልጅቱ ወደዚያ የሚያደርሰውን ጥያቄ ሳታገኘው ይመሻል። ፊት ለፊት ተቀምጠው ይተያያሉ። ይህን ባወራሁ ቁጥር ያመኛል፤ ዛሬም አመመኝ።

እንግዲህ አንዳርጌ፣ ያ ጸሐፊ አንተ ነህ። ቁልፉ «ውጪ» የምትላት ቃል ናት። አሥራ አንድ ዓመት ነካ ስታደርጋት ኖርክ፤ በሦስተኛው ቀን ሁሉም እንደ ነበረ ሆኖ ይጠብቅሃል፤ ቃልህ በጠባዩ ገር መሰለህ። ገር ያደረጉልህ ግን አማትህ እትዬ ጥሩወርቅ ነበሩ። ልጃቸው እያለቀሰች ስትመጣ የሚቀበሉ፣ ሁለት ቀን አስተኝተው የሚያባብሉ፣ በሦስተኛው ቀን «ተይ ልጄ፣ ትዳርሽ ነው» ብለው እስከ ደጅህ የሚሸኟት እሳቸው ናቸው። በዚያ በሸመገለ ጉልበታቸው ዳገቱን ስንት ጊዜ እንደ ወጡት እኔ አይቻለሁ። አንተ ወጥተህ ተቀብለሃቸው ታውቃለህ?

ነሐሴ ላይ ቀበርናቸው። አንተም ድንኳን ስትተክል ነበርክ። ሚስትህ ከሐዘን ተመለሰች፤ ጥቁር ከመልበሷ በቀር ያችው ናት። እጇ ያው፣ ወጧ ያው፣ ዝምታዋ ያው። ምን ተለወጠ ብለህ ትመርምር? የእናቷ አርባ ሳይወጣ ያንኑ ቃል ነካ አደረግካት። በፊት ውጪ ስትላት የምትገባበት ቤት ነበራት። አሁን የት ትግባ? የሚመልሳትስ ማን ነው?

እስቲ እኔ ደግሞ ልጠይቅህ። ውጪ ስትላት ወዲያው ወጣች? ጮክ በል፤ ጆሮዬ ደክሟል። በሩ ላይ ቆማ ነበር። እሺ። የተናገረችው አለ? «ወዴት ልሂድ?» አለችህ። አንተስ ምን መለስክላት? ስልክህን እያየህ ነበር። ቀና አላልክም።

እንግዲያው ጥያቄህ ተመለሰ። አዲስ በደል አልበደልካትም፤ ያው የድሮው ነው። ድሮ የሚሸከሙልህ ሴት ስላረፉ ነው ክብደቱ ዛሬ የታየህ። ሽማግሌ ይሁኑኝ ብለኸኛል፤ እሆንልሃለሁ፤ ቅዳሜ ያለችበት ድረስ እሄዳለሁ። ትመለሳለች ብዬ ግን ቃል አልገባልህም፤ ጸሐፊውም አሥራ አራቱን ገጽ አላገኛቸውም።

ምን ያህል ቆመች ብዬ ብጠይቅህ አታውቀውም፤ ቀና አላልክማ። እሷ ግን ቆጥራ ነው የሄደችው።