የኮሎኔሉ ቀኝ ክንድ

ጡረተኛው ኮሎኔል ዘውገ በራሳቸው ጂም ውስጥ ክንዳቸውን በሜትር ቢያስለኩ፣ ቀኙ ከግራው ወፍሮ ተገኘ። የጡንቻ ውድድሩ ደርሶ ነበርና በጣም ተቆጡ። ቅቤና ዘይት የማይነካው ምግብ የምታበስልላቸውን ሴት በሠልጣኞቻቸው ፊት አስጠሯት።

«እኔ ሁለቱንም እኩል ነው የማሠራው! ስለዚህ ጥፋቱ የምግብሽ ነው። አይደለም ካልሽ አስረጂኝ፤ አለዚያ ዛሬውኑ ከሥራ ተባረሻል!» እያሉ ቀኝ ጣታቸውን አፍንጫዋ ሥር ወዘወዙባት።

ጣታቸው የክትፎ ቅቤ ሸተታት። ሥራዋ እንጀራዋ ነውና ልቧ ደነገጠ፤ ምላሷ ግን አልደነገጠም።

«የኔ ጌታ፣ ምግቤስ አያዳላም» አለች። «ግራ ክንድዎ እዚህ ሠርቶ ያርፋል። ቀኝዎ ግን ከዚህ ሲወጣ፣ ክትፎ ቤት እያጎረሰዎ ትርፍ ሰዓት ይሠራል።»