ጋቢውን ያላወለቀው እንግዳ

ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ፤ የሌላችሁ ተውሳችሁ ኑ።

በድሮ ዘመን፣ ጓሮ ውስጥ በበቀለች አንዲት ጎመን ሥር ላይ፣ ዓይን የማያያት ትንሽ ጎጆ ነበረች። ጎጆዋን የምትጠብቃት በር የምትባል ዘበኛ ነበረች። ሕጓም አንድ ነው፤ በአፈር ውስጥ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ውኃ እንደ ጋቢ ለብሶ ነውና፣ ሲገባ ያን የውኃ ጋቢ ደጃፍ ላይ ያወልቃል።

በር የምትወደው የአመድን ልጅ ነበር። የቤቱ እመቤት ጓሮ አመድ በደፋች ቁጥር ከአመዱ ወጥቶ ይመጣል፤ ጋቢውን ያወልቃል፤ ይገባል፤ መደቡ ላይ ሆኖ ሁሉን ያሠራል፤ ጎጆዋም ትደምቃለች። ምን ያደርጋል፣ እመቤቲቱ አገር ለቃ ሄደች። አመድ የሚደፋ ጠፋ፣ ዝናቡ ቀረ፣ አፈሩ ጨው ጨው አለ። በር ናፈቀች። ኮሽ ባለ ቁጥር ወደ ደጅ ታያለች።

አንድ ቀን ጨው መጥቶ አንኳኳ። ቁመናው ቁርጥ የአመድ ልጅ!

«ማን ነህ?»

«ያው የምትናፍቂው ነኝ።»

«እንግዲያው ጋቢህን አውልቅ።»

«ይበርደኛል።»

አልከፈተችለትም። ደግሞ መጣ፤ አልከፈተችለትም። ሦስተኛ ሲመጣ ናፍቆቱ በረታባትና «በቃ፣ እንደለበስክ ግባ» አለችው።

ገባ። ገብቶስ? የአመድ ልጅ መደብ ላይ ጉብ! እሱ ግን ማሠራት አያውቅምና ጎጆዋ ውስጥ የሚሠሩት ሁሉ ሥራ አቃታቸው፤ ጎመኗም ጠወለገች። በር ገፍታ አስወጣችው፤ ተመለሰ። ብታስወጣው፣ ብታስወጣው፣ ወንድሞቹን አስከትሎ ተመለሰ።

«ምነው ልጄ፣ ጎመኒቱን ልትገድያት ነው?» አለቻት የጎጆዋ አሮጊት፣ እማማ ጓዳ።

«ናፍቄ ነው እማማ፤ እሱን መሰለኝ» አለችና በር አለቀሰች።

«አይዞሽ። በይ እሱን ለእኔ ስጪኝ።»

እማማ ጓዳ ጨውን ከነወንድሞቹ ወደ ውስጧ አስገብታ ቀረቀረችባቸው። ጨውም ከጨለማው ውስጥ «ውኃ፣ ዘመዴ፣ ወዴት ነሽ?» እያለ ተጣራ። ለካ እሱም ናፋቂ ኖሯል! ውኃ ድምፁን ሰምታ ከደረቀው አፈር እየተሳበች መጣችለት፤ ጎመኗም ከእሷ ጠጥታ ቀና አለች።

በር ግን የአመድን ልጅ መደብ ጠርጋ መጠበቋን አልተወችም።

ከዘመን በኋላ እዚያ ቤት ሙሽራ ገባችና ጓሮ አመድ ደፋች። ደጃፍ ላይ አንድ እንግዳ ቆመ። በር ልትከፍት እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ግን ሰበሰበች።

«ማን ነህ?»

እንግዳው ስሙን አልተናገረም። ጋቢውን አወለቀ።

«መደብህ እንዳለ ነው» አለችና ከፈተችለት።

እናንተም ልብ በሉ፤ ናፍቆት በር ሲከፍት ጋቢ አያስወልቅም።